ሲጢጥ የሚል የእንጨት ወለል፦ ምስማር ከመጨመር በፊት ምን ይመርመር?

ባለፎቁ (ጠያቂ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖርበት ቤት ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን፣ የላይኛው ክፍል ወለል ወንዴና ሴቴ ሆነው ከተጋጠሙ የእንጨት ጣውላዎች የተሠራ ነው። ከጣውላዎቹ ሥር ሌላ የሳንቃ ንጣፍ አለ፤ ከንጣፉም በታች ተሸካሚ ሞራሌዎች ተዘርግተዋል። ከመኝታ ክፍሉ በር አንሥቶ እስከ መስኮቱ ድረስ በተራመድን ቁጥር ወለሉ ሲጢጥ ይላል፤ ሌሊት አንድ ሰው ሲነሣ ቤተሰቡ በሙሉ ይነቃል።

ከዚህ ቀደም አንድ ባለሙያ መጥቶ ከላይ በርከት ያሉ ምስማሮችን መትቶበት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ካለ በኋላ ደረቁ ወራት ሲገባ ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም ቀድሞ ባልነበረበት ቦታ ጭምር መሰማት ጀመረ። የታችኛው ክፍል ኮርኒስ የተለሰነ ስለሆነ ከሥር ገብቶ ማየት አይቻልም። ድምፁ ወለሉ እየተዳከመ ለመሆኑ ምልክት ነውን? ጣውላውን ሳላነሣ ከላይ ብቻ ልጠግነው እችላለሁን? ምስማሩስ ለምን አልያዘም? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ጠራቢው

ውድ ባለፎቁ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምስማሩ ያልያዘበት ምክንያት ከታወቀ የቀሩትን ሁለቱን መመለስ አያዳግትምና።

ወለል የሚጮኸው እንጨቱ ስላረጀ ብቻ አይደለም። ክብደት ሲያርፍበት እርስ በርስ የሚነካኩ ሁለት አካላት አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት ነው። መንሸራተቱ ደግሞ ወጥ አይደለም፦ ሰበቃው ይይዛቸዋል፣ ኃይሉ ሲበረታ በድንገት ይለቃቸዋል፣ ወዲያው መልሶ ይይዛቸዋል። ይህ መያዝና መልቀቅ በጣም በፍጥነት ሲደጋገም ጣውላው ይርገበገባል፤ የማሲንቆ ደጋን ጭራውን ሲገዘግዘው ድምፅ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ጥገና ማለት የሚንሸራተቱት ሁለት አካላት የትኞቹ እንደሆኑ ለይቶ ማወቅና እነርሱኑ አጥብቆ ማሰር ማለት ነው። ሌላ ቦታ ላይ የተመታ ምስማር፣ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ድምፁን አያጠፋውም።

ምስማር እንጨት ውስጥ ጸንቶ የሚቆየው የእንጨቱ ክሮች ገላውን ጨምቀው ስለሚይዙት ብቻ ነው። እንጨቱ ወራት በተለዋወጡ ቁጥር ሲያብጥና ሲሟሽሽ ያ ጭምቅታ ይላላል፤ ጣውላው በምስማሩ ገላ ላይ ሽቅብ ቁልቁል መሄድ ይጀምራል፤ ብረትና እንጨት ሲፋተጉም ያ የምናውቀው ቀጭን ድምፅ ይወጣል። በጃፓን ኪዮቶ የሚገኘው የኒጆ ግንብ መተላለፊያዎች ሰው በረገጣቸው ቁጥር እንደ ወፍ የሚጮኹት ከወለሉ ሥር ያሉት የብረት ማያያዣዎችና ምስማሮቻቸው እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ነው። በእርስዎም ወለል ላይ አዲስ የተመቱት ምስማሮች ለጊዜው ጨምቀው ያዙ፤ ደረቁ ወቅት ሲገባ ላሉ፤ ያን ጊዜ የሚፋተገው ብረት ቁጥሩ ከበፊቱ በዛ። ቀድሞ ባልነበረበት ቦታ ድምፅ የሰሙትም ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ፤ እኔ ከጥገናው ይልቅ ለዚህ ክፍል ጊዜ እንዲሰጡት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት አንድ ሰው በጣም በዝግታ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ ይራመድ፤ ሌላው ደግሞ አጠገቡ ተንበርክኮ ሁለት መዳፎቹን በሁለት ጎረቤት ጣውላዎች ላይ ያሳርፍ። ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት አንዱ ጣውላ ወርዶ ሌላው ባለበት ከቀረ፣ ችግሩ ያለው በሁለቱ መጋጠሚያ ወይም ጣውላውን ከንጣፉ ጋር በሚያስረው ምስማር ላይ ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን የላላው ታችኛው ንጣፍ ነው፤ ማለትም ንጣፉና ሞራሌው ተለያይተዋል። ቦታውን በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት።

ቀጥሎ የሞራሌዎቹን መስመር ይፈልጉ። የምስማር ራሶች ከተሸፈኑ ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥለው ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርገው በቀስታ ያሳልፉት፤ ምስማር ካለበት በላይ ሲደርስ ክሩ ወደ ጎን ይሳባል። የተገኙትን ነጥቦች በጠመኔ ሲያገናኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር እየተራራቁ የሚሄዱ ትይዩ መስመሮች ይወጣሉ። የጩኸቱ ምልክት በመስመሩ ላይ ነው ወይስ በሁለት መስመሮች መካከል? የዚህ መልስ የጥገናውን ዓይነት ይወስናል።

ባለፎቁ

በዝርዝር ስላስረዱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ሆነን በተባለው መንገድ መረመርን፤ ያገኘነውም አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ችግር ነው። በበሩ አጠገብ፣ ልክ በአንድ ሞራሌ መስመር ላይ፣ ጎን ለጎን ያሉ ጣውላዎች አብረው ይወርዳሉ፤ ድምፁም ወፈር ያለና ከሥር የሚመጣ ነው። በመስኮቱ በኩል ግን በሁለት ሞራሌዎች መካከል አንድ ጣውላ ብቻ ይወርዳል፤ ድምፁ ቀጭን ነው፤ በእርሱና በጎረቤቱ መካከልም ወፍራም ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

ንጹሕ ወለል

ለመስኮቱ በኩል ላለው ችግር መብሳትም ሆነ መምታት አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። ታልክ የተባለውን ነጭ ዱቄት በመጋጠሚያው ላይ ነስንሶ፣ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ በላዩ ጨርቅ አንጥፎ ደጋግሞ መርገጥ ብቻ ይበቃል። ወለሉ ጠቆር ያለ ከሆነ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል። እኔ ቤት በየዓመቱ ደረቁ ወቅት ሲገባ እንዲህ አደርጋለሁ፤ ጸጥ ይላል።

ጠራቢው

የ«ንጹሕ ወለል»ን ሐሳብ በመስኮቱ በኩል ላለው እኔም እደግፈዋለሁ። ዱቄት ሰበቃውን ይቀንሳል እንጂ እንቅስቃሴውን አያስቀርም፤ ለዚህም ነው በየዓመቱ መድገም የሚያስፈልገው። ነገር ግን ሁለት ጣውላዎች በመጋጠሚያቸው ብቻ የሚፋተጉ ከሆነና ጣውላው ሲረገጥ የሚወርደው በጥቂቱ ከሆነ፣ ቀላሉን መፍትሔ አስቀድሞ መሞከር ተገቢ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፦ በዱቄት ፋንታ ዘይት ወይም ቅባት የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ፤ ይህ በፍጹም መደረግ የለበትም። ዘይቱ እንጨቱን ያጠቁረዋል፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ በኋላ በዚያ ቦታ ላይ ኮላም ሆነ ቫርኒሽ እንዳይይዝ ያደርጋል።

የበሩ አጠገብ ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ እዚያ ዱቄት አይደርስም። ንጣፉን ከሞራሌው ጋር መልሶ ማሰር ያስፈልጋል፤ ይህም በምስማር ሳይሆን ገላው ጠመዝማዛ ጥርስ ባለው ቪቴ ነው። አብዛኛው ሰው ቪቴ ካስገባ በኋላም ድምፁ የማይጠፋለት በአንድ ምክንያት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። የቪቴው ጥርስ በሞራሌው ብቻ ሳይሆን በላይኛው ጣውላም ውስጥ ከነከሰ፣ ሁለቱን እንጨቶች ወደ አንድ አይስባቸውም፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት እንዳለ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ከላይ ሲታይ ጠብቋል፤ ከውስጥ ግን ጣውላው እንደ በፊቱ በአየር ላይ ነው። ስለዚህ ቪቴው በላይኛው ጣውላና በታችኛው ንጣፍ ውስጥ ሳይነክስ በነጻነት ማለፍ፣ በሞራሌው ውስጥ ብቻ መንከስ አለበት።

በተግባር ሲሠራ እንዲህ ነው። ገላው 4 ሚሊሜትር ለሆነ ቪቴ በመጀመሪያ በ2.5 ወይም በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ እስከ ሞራሌው ውስጥ ድረስ ይብሱ። ሲበሱ እጅዎን ያዳምጡ፦ መሰርሰሪያው ንጣፉን ጨርሶ በድንገት ዘለል ካለና ከዚያ እንደገና ከከበደ፣ የፈለጉትን ክፍተት አገኙት ማለት ነው። የሚወጣው ሰጋቱራም ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይለወጣል። ዘለል ካለ በኋላ የሚነክሰው ነገር አጥቶ ባዶ ውስጥ ከቀረ ግን ሞራሌውን ስተዋል፤ ጥቂት ወደ ጎን ይሂዱ። ቀጥሎ በ4.5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ጣውላውንና ንጣፉን ብቻ ያስፉ፤ ጥልቀቱን እንዳያልፍ በመሰርሰሪያው ላይ ፕላስተር ጠቅልለው ምልክት ያድርጉበት። ጣውላው 20፣ ንጣፉም 20 ሚሊሜትር ውፍረት ካላቸውና የቪቴው ራስ 8 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ከተቀበረ፣ የ70 ሚሊሜትር ቪቴ ወደ ሞራሌው 38 ሚሊሜትር ይገባል፤ ይህ በቂ ነው።

ቪቴው በሚጠብቅበት ጊዜ ሌላ ሰው በዚያው ጣውላ ላይ ይቁም። ክፍተቱን የሚዘጋው የሰውዬው ክብደት ነው፤ ቪቴው ደግሞ የተዘጋውን ይዞ ያቆያል። የመጨረሻዎቹን ዙሮች በማሽን ሳይሆን በእጅ፣ በካቻቢቴ ያጥብቁ፤ ማሽኑ ከልክ ካለፈ በሞራሌው ውስጥ ያለውን እንጨት ይፈጨውና ቪቴው ባዶውን ይዞራል። ራሱ የሚቀበርበትን ቀዳዳ ከተመሳሳይ እንጨት በተሠራ ውታፍ፣ የውታፉ ክር ከጣውላው ክር ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ አድርገው፣ በኮላ ይድፈኑት። ኮላው ሲደርቅ ትርፉን በስለታም መሮ ቀስ እያሉ ይላጡት፤ በአንድ ምት ለመቁረጥ ከሞከሩ ውታፉ ከጣውላው ገጽ በታች ሊሰበር ይችላል። ስቱኮ ቢጠቀሙም ይሆናል፤ ነገር ግን ጣውላው ሲያብጥና ሲሟሽሽ ስቱኮው ከዳር ዳር ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ከጊዜ በኋላ ይለያል።

ቀድሞ የተመቱት ምስማሮች ከላሉ፣ እነርሱን መልሶ መምታት ዋጋ የለውም። ጣውላውን ሳይጎዱ ማውጣት የሚቻለውን ያውጡ፤ የማይቻለውን በብረት መግፊያ ወደ ውስጥ አስርገው ይድፈኑት።

መዋቅር አዋቂ

በምህንድስና ሥራ ላይ የተሰማራሁ ነኝ፤ ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ቢሆንም ከመብሳት በፊት ሊታለፉ የማይገባቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ደኅንነት ነው። በወለል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቧንቧ ይኖራሉ። በብዙ አሮጌ ቤቶች ቧንቧ የተዘረጋው የሞራሌው የላይኛው ጠርዝ ተቆርጦ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ይህ ማለት ቪቴ ለማስገባት የሚፈለገው ቦታና ቧንቧው የሚያልፍበት ቦታ አንድ ሊሆን ይችላል። መታጠቢያ ቤትና ራዲያተር በየት አቅጣጫ እንዳለ፣ ማብሪያና ማጥፊያዎች የት እንዳሉ አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ የብረትና የሽቦ መፈለጊያ መሣሪያ ተጠቀሙ፤ በምትሠሩበት ሰዓት የክፍሉን ኤሌክትሪክ ከዋናው ቆጣሪ ሳጥን አጥፉ። በበሩ አጠገብ መሥራት በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ መስመሮች ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፉት ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነውና።

ሁለተኛው ባለፎቁ በመጀመሪያ ያነሡት ጥያቄ ነው፤ ድምፁ የመዳከም ምልክት ነውን? በአመዛኙ አይደለም። ሲጢጥታ ብቻ ያለበት ወለል ለጆሮ ያስቸግር እንደሆነ እንጂ ቤቱን አይጥልም። ከድምፁ ጋር የሚከተሉት ከተጨመሩ ግን ነገሩ ከጥገና ያልፋል፦ ሰው ሲራመድ ክፍሉ ውስጥ ያለ ቁም ሣጥን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወለሉ በክፍሉ መካከል ተሰርጉዶ ውሃ ልክ ሲያስቀምጡበት ጎልቶ የሚታይ ከሆነ፣ በታችኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከወጣ፣ ወይም ወለሉ በአንድ ቦታ ለስለስ ብሎ እግርን የሚቀበል ከሆነ። የመጨረሻው ብስባሴን ወይም ምስጥን ይጠቁማል። በወስፌ ጫና ሲያደርጉበት ጤነኛ እንጨት አላስገባ ይላል፤ የበሰበሰ ወይም ምስጥ የበላው ግን ወስፌውን ያለ ምንም ትግል ያስገባዋል። በእንዲህ ያለ እንጨት ላይ ቪቴ ማሰር ትርጉም የለውም፤ የእርጥበቱ ምንጭ ተገኝቶ መድረቅ፣ የተጎዳውም እንጨት መለወጥ ወይም በጎኑ አዲስ ሞራሌ ተደርቦ መታሰር አለበት።

ሦስተኛ፣ በጥገናው ወቅት ቧንቧ ለማሳለፍም ሆነ በሌላ ምክንያት ሞራሌ አትቁረጡ። በተለይ ከርዝመቱ መካከለኛው ሲሶ ላይ የላይኛውንም ሆነ የታችኛውን ጠርዝ መንካት አይገባም፤ የመታጠፍ ጫና የሚበረታው እዚያ ነውና።

ምድር ቤት

የእኔ ወለል ከሥሩ ክፍት ነው፤ ሞራሌዎቹ በዓይን ይታያሉ። ከላይ ያለውን ሳልነካ ከታች መሥራት የምችል ይመስለኛል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ሽብልቅ አስገባ ይላል፣ አንዳንዱ ቪቴ፣ አንዳንዱ ደግሞ በማጣበቂያ ይጠቀም ይላል። የትኛው ይሻላል?

ጠራቢው

ወንድሜ፣ ከሥር መሥራት የቻለ ሰው ዕድለኛ ነው፤ የላይኛው ገጽ ምንም ጠባሳ ሳያርፍበት ይድናል። የቱ እንደሚሻል የሚወስነው አሁንም ክፍተቱ ያለበት ቦታ ነው። ሌላ ሰው ከላይ እንዲረግጥ አድርገህ በባትሪ ብርሃን የንጣፉንና የሞራሌውን መገናኛ ተመልከት፤ የሚከፈትና የሚዘጋ መስመር ታያለህ።

ክፍተቱ አጭርና ጠባብ ከሆነ ሽብልቅ ይበቃዋል። ስስ የእንጨት ሽብልቅ ሁለቱን ገጾች ኮላ ቀብተህ በጣትህ ግፋው፤ ከዚያ በመዶሻ ቀለል አድርገህ አንድ ሁለት ጊዜ ነካ አድርገው፤ መጠበቁን ስታውቅ እዚያው ተው። ሽብልቅን በኃይል መምታት ንጣፉን ከሞራሌው ላይ ያነሣዋል፤ ቀድሞ ጤነኛ የነበረው አጠገቡ ያለ ቦታም ተራው ደርሶት መጮኽ ይጀምራል። ክፍተቱ በሞራሌው ላይ ረዘም ብሎ የሚሄድ ከሆነ ግን ሽብልቅ መደርደር አይመከርም፤ ቀጥ ያለ የእንጨት ቁራጭ የላይኛውን ጠርዝና አንድ ጎኑን የግንባታ ማጣበቂያ ቀብተህ፣ ከንጣፉ ሥር አጥብቀህ ደግፈህ፣ ከሞራሌው ጎን ጋር በቪቴ እሰረው። ንጣፉ ከዚያ በኋላ የሚያርፈው በአዲሱ ቁራጭ ላይ ነው።

ንጣፉ ከሞራሌው ጋር ጥብቅ ሆኖ የላላው ላይኛው ጣውላ ብቻ ከሆነ፣ ከሥር ወደ ላይ በሚገባ አጭር ቪቴ ይሳባል። እዚህ ላይ የርዝመት ስሌት ሕይወት ነው። ንጣፉና ጣውላው በአንድነት 40 ሚሊሜትር ከሆኑ ከ30 ሚሊሜትር የሚበልጥ ቪቴ አትጠቀም፤ ወለሉ ከዚህ በፊት ተፍቆ ታድሶ ከሆነ ደግሞ ጣውላው ከምታስበው በላይ ሳስቷልና፣ በቧንቧ ቀዳዳ ዳር ወይም በበር መግቢያ ላይ ውፍረቱን ለካ። የቪቴ ጫፍ በባዶ እግር የሚሄድ ልጅ ያለበት ወለል ላይ ብቅ እንዲል ማንም አይፈልግም። ንጣፉንም ሰፋ አድርጎ መብሳትን አትርሳ፤ ቀደም ብዬ የገለጽኩት የጥርስ ጉዳይ ከሥር ሲሠራም ያው ነው።

ድምፁ በሁለት ሞራሌዎች መካከል ከሆነና ንጣፉ በሰፊው የሚለመጥ ከሆነ፣ በሞራሌዎቹ መካከል ልክ ተቆርጦ የሚገባ አግዳሚ ቁራጭ አድርግበት፤ ሁለቱን ጫፎቹን ከሞራሌዎቹ ጋር፣ የላይኛውን ጠርዝ ከንጣፉ ጋር በማጣበቂያ አገናኝ። ይህ ንጣፉን ከመደገፍም አልፎ ሞራሌዎቹ ወደ ጎን እንዳይወላገዱ ይይዛቸዋል።

ጸጥታ ፈላጊ

ማንም ሳይራመድ፣ በተለይ ወደ ማታ፣ ከወለሉ «ጓ» የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነስ?

መዋቅር አዋቂ

ቀን የሞቀው እንጨትና ብረት ማታ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ነው። የሙቅ ውሃ ቧንቧ በእንጨቱ ውስጥ ተጨናንቆ የሚያልፍ ከሆነ ውሃው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ተመሳሳይ ድምፅ ይሰጣል፤ ቀዳዳውን ጥቂት አስፍቶ በቧንቧው ዙሪያ ለስላሳ መጠቅለያ ማድረግ ይበቃል።

ባለፎቁ

አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ድምፁ የሚብሰው በደረቁ ወራት እንደሆነ ነግሬያችሁ ነበር። ጥገናውን አሁን፣ ጣውላው በተሟሸሸበት ጊዜ ልሥራው ወይስ እርጥበት እስኪመለስ ልጠብቅ? በጣውላዎቹ መካከል ያለውንስ ክፍተት በስቱኮ ልሙላው?

ጠራቢው

ስለ ክፍተቱ፦ በፍጹም አይሙሉት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እንጨት በርዝመቱ እርጥበት ቢለዋወጥም እምብዛም አይለወጥም፤ በስፋቱ ግን ይተነፍሳል። ለምሳሌ ከግንዱ በጎን በኩል የተሰነጠቀ 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የኦክ ጣውላ በውስጡ ያለው እርጥበት ከ10 በመቶ ወደ 6 በመቶ ሲወርድ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ይጠብባል። እርስዎ ያዩት ክፍተት የመጣው ከዚህ ነው። ክፍተቱን በደረቁ ወቅት በሚጠጥር ነገር ከሞሉት፣ እርጥበት ሲመለስ ጣውላዎቹ የሚያብጡበት ቦታ ያጣሉ፤ እርስ በርስ ተጋፍተው ከጠርዛቸው ይነሣሉ፣ ከተሸካሚያቸው ይላቀቃሉ፣ በሚቀጥለው ደረቅ ወቅትም ድምፁ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ለዚሁ ሲባል ነው ወለል ሲነጠፍ በግድግዳው ግርጌ ዙሪያ ክፍተት የሚተወውና በዞኮሎ የሚሸፈነው። ዞኮሎውን አንሥተው ያ ክፍተት በስሚንቶ ወይም በቆሻሻ አለመሞላቱን ቢያዩ መልካም ነው፤ ጣውላው ከግድግዳው ጋር የሚጋፋ ከሆነ መሐል ክፍሉ ላይ ለሚሰማ ድምፅ መነሻ ሊሆን ይችላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሞራሌ ላይ የሚታሰረውን የበሩን ክፍል አሁኑኑ ይሥሩት፤ ክፍተቱ ሰፍቶ በሚታይበት ጊዜ መሥራት ምርመራውንም ጥገናውንም ያቀልለዋል። የመስኮቱን መጋጠሚያ ግን በዱቄት አስታግሰው እርጥበት እስኪመለስ ይታገሡት፤ ጣውላው ሲያብጥ ድምፁ በራሱ ከጠፋ ሌላ ጥገና አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ የሚያዋጣው የክፍሉን አየር ማረጋጋት ነው። ለእንጨት ወለል የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ክፍሉ ውስጥ ያስቀምጡና የወራቱን ለውጥ ይከታተሉ፤ በጣም በደረቀ ጊዜ እርጥበት ማመንጫ፣ በጣም በረጠበ ጊዜ አየር ማናፈስ ይጠቅማል። ወለሉን ውሃ አፍስሶ ማጠብ ግን እርጥበት መመለሻ መንገድ አይደለም፤ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ይወልወል።

አፓርትማ

የእኔ ወለል በኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ነው፤ ሞራሌ የሚባል ነገር የለውም። እዚህ የተባለው ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ንጣፍ ሠሪ

አይሠራም፤ እንዲያውም ከፊሉ ሊጎዳዎት ይችላል። በመጀመሪያ ወለልዎ በኮንክሪቱ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ፓርኬ ነው ወይስ በስስ ስፖንጅ ላይ ተንሳፍፎ የሚቀመጥ ላሚኔት? ይህን ይለዩ።

ተንሳፋፊ ከሆነ ከሥሩ ካለው ነገር ጋር መታሰር የለበትም። ቪቴ ወይም ምስማር ካስገቡበት በዚያች ነጥብ ይቸነከርና፣ የቀረው ክፍል ሲያብጥና ሲኮማተር መጋጠሚያዎቹ ይከፈታሉ። እንዲህ ያለ ወለል የሚጮኸው በአብዛኛው ኮንክሪቱ ስላልተስተካከለ ነው፤ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት በ2 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ3 ሚሊሜትር ያልበለጠ ጉድለት ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ጉድጓድ ካለ ላሚኔቱ በላዩ እንደ ድልድይ ይንጠለጠላል፤ በተረገጠ ቁጥርም እርስ በርስ የሚቆላለፉት መጋጠሚያዎቹ ይፋተጋሉ። ዘላቂው መፍትሔ በዚያ በኩል ያሉትን ጣውላዎች በተራ ነቅሎ ኮንክሪቱን ማስተካከልና መልሶ መግጠም ነው። ከዚያ በፊት ግን ዞኮሎውን ያንሡና በዙሪያው ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ክፍተት መኖሩን ይመልከቱ፤ ከባድ የተገጠመ ቁም ሣጥንም ወለሉን ረግጦ እንዳልያዘው ያረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚሁ ላይ ተገኝቶ ያልቃል።

የተለጠፈ ፓርኬ ከሆነ በጣት አንጓ ወይም በመሮ እጀታ በቀስታ እያንኳኩ ይሂዱ። የተጣበቀው ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ደግሞ ባዶ ይሆናል። የተላቀቀውን በመጋጠሚያው ላይ በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይብሱ፤ ቀዳዳው ጣውላውን ብቻ ይለፍ። በመርፌ ማጣበቂያ ያስገቡ፣ የሚወጣውን ወዲያው ይጥረጉ፣ ሳይነቃነቅ እስከ ማግስቱ ድረስ ከባድ ነገር ይጫኑበት። ብዙ ቦታ ላይ ባዶ ድምፅ ከተሰማ ግን ማጣበቂያ ከመግዛትዎ በፊት ከኮንክሪቱ እርጥበት እየወጣ እንደሆነ ይጠርጥሩ፤ እርጥበት ባለበት ላይ የሚጨመር ማጣበቂያ በቅርቡ ተመልሶ ይለቃል።

የደረጃው ነገር

እኔ የምጠይቀው ስለ እንጨት ደረጃ ነው። ከወለል የባሰ ይጮኻል፤ አንዱን መርገጫ ዘልለን የምንወጣ ሆነናል።

ጠራቢው

እህቴ፣ ደረጃ ላይ መርገጫ መዝለል አደጋ አለውና ጥገናውን አታዘግዪው። የሚጮኸው ከፊት ለፊት ሲረገጥ ከሆነ መርገጫው ከሥሩ ካለው ቋሚ ግንባር ጋር ተላቋል፤ ከዳር ሲረገጥ ከሆነ ደግሞ መርገጫው ከጎን ተሸካሚው ጋር ተላቋል። ከሥር መግባት ከተቻለ በመርገጫውና በግንባሩ ማዕዘን ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ቁራጮች በኮላና በቪቴ ይታሰራሉ፤ በጎን ተሸካሚው ውስጥ ያሉት ሽብልቆች ከላሉም ወጥተው፣ አሮጌው ኮላ ተፍቆ፣ በአዲስ ኮላ ይመለሳሉ። አሮጌው ኮላ ሳይፋቅ በላዩ የሚቀባ አዲስ ኮላ እንጨቱን አይነካም፤ ስለዚህም አይይዝም።

ከሥር የተለሰነ ከሆነ ከላይ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ቪቴ ወደ ግንባሩ ጠርዝ ይገባል። የግንባሩ ውፍረት ብዙ ጊዜ ስስ ስለሆነ መሐሉን በትክክል ሳይለኩ መብሳት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ የግንባሩን ፊት ከመርገጫው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለክተሽ፣ የግንባሩን ውፍረት ግማሽ ወደ ኋላ ጨምረሽ መስመር አስምሪ። ከማጥበቅሽ በፊት መርገጫውን በስስ መሮ በጥቂቱ ከፍ አድርገሽ ኮላ ወደ ውስጥ አስገቢ፣ መሮውን አውጪ፣ ከዚያ ቪቴውን አጥብቂ። ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ማንም አይርገጠው።